ይጠቡልን ወይስ ይተዉልን?

መኪናችሁን ለሰርቪስ ዲለር ጋ ስታስገቡ፣ ዘይቱ ተቀይሮ ጎማው ተዟዙሮ ካበቃ በኋላ በነጻ አጥበው የሚመልሱላችሁ አሉ። እዚህ ሜሪላንድ እኛ የምንሄድበት እንደዚያ ነው። ነጻ የተባለ ነገር የሚጠላ ሐበሻ ብዙ አላየንም፤ እኛም አንጠላም። ባለፈው ሰመር ግን ይህች ትንሽ ነገር በቤታችን ክርክር አስነሣች፤ ከክርክርም አልፋ በሰው ላይ በደል አስፈጸመችን። ተናዘን የጨረስነው ነገር ስለሆነ ለእናንተም ብንጽፈው አናፍርም። ትንሽ እናፍራለን እንጂ።

መጀመሪያ ስለ መኪናው። ጥቁር ነው። ለብዙ ዓመታት አሮጌ ስንነዳ ኖረን፣ ጸልየንም ተበድረንም ባለፈው ጥር የገዛነው የመጀመሪያ አዲስ መኪናችን ነው። የስድስት ዓመት ክፍያ አለበት። ከገዛነው ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት፣ ደጃችን ላይ ካለው ትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር አቁመን በአንድ ባልዲና በወጥ ቤት ስፖንጅ እናጥበው ነበር። አዲስ አበባ ሳለን መኪና ባይኖረንም፣ ላቫጆ የሚሠሩት ልጆች ኦሞ በጥብጠው ሲያሹ ስናይ አድገናልና አጠባ የምናውቅ መስሎን ነበር።

ነሐሴ ላይ ለመጀመሪያው ሰርቪስ አስገባነው። ታጥቦ፣ አብረቅርቆ ተመለሰልን። አመስግነን ወጣን። መንገድ ተሻግረን ግሮሰሪ ደጃፍ ስናቆመው የቀትር ፀሐይ አረፈበት፤ ከኮፈኑ እስከ ኋላ በሩ ድረስ የሸረሪት ድር የመሰለ ስስ ጭረት ሞልቶበታል። ከሁለታችን አንዱ ጮኸ። ማን እንደ ጮኸ አንናገርም፤ ሌላውም ዝም አላለም።

ግሮሰሪውን ትተን ተመለስን። ሰርቪስ ክፍል የተቀበለን ወጣት ትሑት ነው፤ ይቅርታ ጠየቀ፣ እንደሚመዘግበውም ነገረን። በዚህ ማብቃት ይችል ነበር። እኛ ግን «ማን ነው ያጠበው?» አልን። ሰውየው ተጠራ። ዕድሜው ከሃምሳ የዘለለ፣ የላስቲክ ቦት ያደረገ፣ እጁ እስከ ክርኑ ድረስ እርጥብ የሆነ ሰው መጥቶ ፊታችን ቆመ። እንግሊዝኛው ጥቂት ነው። ጭረቱን በጣታችን እያሳየን ተናገርን። ራሱን ነቀነቀ፤ የአዎን ይሁን የአይደለም አላወቅንም፣ አልጠየቅንምም። አለቃው ሰው ባለበት ተቆጣው። እኛም መብታችንን አስከበርን ብለን፣ ከእንግዲህ በወረቀታችን ላይ «አይታጠብ» ተብሎ እንዲጻፍ አድርገን ወጣን።

በዚያው ሳምንት ነገሩን ለጋሼ አወራናቸው። ጋሼ የምንላቸው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ዲሲ ውስጥ ታክሲ ከሃያ ዓመት በላይ ነድተዋል። ስለ መኪና ሲናገሩ እንደ ሐኪም ነው፤ ምክራቸውን ከነማብራሪያው እናካፍላችሁ፤ ለብዙዎች ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

ከቀለሙ በላይ ያለው ግልጽ ሽፋን ከጸጉር ክር የሳሳ ነው አሉን። መኪና ላይ የሚያርፈው አቧራ ደግሞ ተራ ትቢያ እንዳይመስላችሁ፣ የተፈጨ ድንጋይ አለበት። ስፖንጅ ያንን ይይዝና በሽፋኑ ላይ ይጎትተዋል። መኪና በመኪና ላይ እየተሰለፈበት ቀኑን ሙሉ የሚያጥብ ሰው፣ ስፖንጁን በየመሐሉ የሚያጠራበት ጊዜ ማን ሰጥቶት? ለራሳችሁ ስታጥቡ ግን አስቀድማችሁ በውኃ ብቻ አቧራውን አርግፉ፤ ሁለት ባልዲ ይኑራችሁ፣ አንዱ የሳሙና፣ ሌላው ጨርቁን የምታለቀልቁበት። ከላይ ወደ ታች ውረዱ፤ ጎማና ቸርኬ በመጨረሻ፣ በሌላ ጨርቅ። ስፖንጅ ሳይሆን ለመኪና የተሠራ ማይክሮፋይበር ይሁን።

አንድ ነገር ደግሞ ጨመሩ፤ ከልባችን ያልጠፋው እርሱ ነው። ጭረቱ ክብ የሚመስለው ክብ ስለሆነ አይደለም አሉ። ጭረቶቹ ወደየአቅጣጫው የተበተኑ ናቸው፤ ዓይናችን የሚያየው ግን ብርሃኑን አቋርጠው የተኙትን ነው። ስለዚህ የሸረሪት ድሩ መሐል ሁልጊዜ ፀሐይዋ ያረፈችበት ቦታ ነው፤ እናንተ ወደ ጎን ስትራመዱ እርሱም አብሮ ይራመዳል። ጥላ ሥር ግን ምንም አይታይም። ጭረቱ ግን አለ።

«እንግዲህ ይጠቡት ወይስ ይተዉት?» ብለን ጠየቅናቸው። አዲስና ጥቁር ከሆነ አይታጠብ ማለት ነውር የለውም አሉ፤ ቁልፍ ስትሰጡ በትሕትና ተናገሩ፣ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ። ያረጀ መኪና ከሆነ ይጠቡት፣ አትመጻደቁ። ክረምት ሲገባ ግን አዲስም ይሁን አሮጌ ይታጠብ፤ በረዶ ለማቅለጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረቱን ከሥር ይበላዋልና ከዝገት ጭረት ይሻላል። ደግሞም ደጃችን ላይ ስናጥብ ሳሙናው በመንገዱ ቦይ ገብቶ ሳይጣራ ወደ ወንዙ፣ ከወንዙም ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ እንደሚወርድ ነገሩን። ይህን አላሰብነውም ነበር።

ተነሥተን ልንሄድ ስንል፣ «ሰውየውስ?» አሉን።

«የትኛው ሰውዬ?»

«ያጠበው ነዋ።»

የምንመልሰው አልነበረንም። እሳቸውም አልጨመሩም።

ጥቅምት ላይ ነው ነገሩ የተገለጠው። ልጃችን ሰኔ ላይ ከሃይስኩል ተመርቃ ስለነበር፣ ሐዋሳ ላሉት አያቷ የሚታተም ፎቶ እየመረጥን ነበር። ጋዋኗን እንደ ለበሰች መኪናው አጠገብ ቆማ የተነሣችው ጥሩ ነው ብለን ፊቷን ለማየት ስናቀርበው፣ ከትከሻዋ ኋላ ኮፈኑ ላይ ፀሐይ አርፋለች። በፀሐይዋ ዙሪያ ያው የሸረሪት ድር። ሰኔ ላይ። ዲለሩ መኪናውን ለሰርቪስ ከመንካቱ ከሁለት ወር በፊት። እስከዚያ ቀን ድረስ ሲያጥቡት የነበሩት እጆች የእኛ ነበሩ።

ሁለታችንም ዝም ብለን ተቀመጥን። ልጃችን «ፎቶው አልወጣም እንዴ?» አለችን።

ሙሴ ለሕዝቡ በሰጠው ሕግ ሰው የሚፈረድበት በሁለት ወይም በሦስት ምስክር ነው፤ ፈራጆቹም ነገሩን አጥብቀው እንዲመረምሩ ታዝዘዋል (ዘዳ. 19፥15-19)። እኛ ሁለት ምስክር ነበርን፤ ሁለታችንም ተሳስተን ነበር። የመረመረ አልነበረም። በሐሰት አትመስክር የሚለውን ትእዛዝ ከልጅነታችን ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ስናጠና፣ ገንዘብ ተቀብለው ፍርድ ቤት ስለሚቆሙ ሰዎች የተጻፈ ይመስለን ነበር።

ከዚህ የከፋም አለ። ብዙ ኢትዮጵያውያን እዚህ ስንመጣ የምንጀምረው በፓርኪንግ ነው። ከሁለታችን አንዱ ዲሲ ውስጥ አራት ዓመት በፓርኪንግ ሠርቷል። የዚያ ሥራ የመጀመሪያው ትምህርት፣ ቁልፍ ከመቀበልህ በፊት መኪናውን ዙረህ እይ የሚል ነው፤ ቲኬቱ ላይ የመኪና ሥዕል አለ፣ ጭረት ያለበትን ቦታ ታከብባለህ። አንድ ምሽት ሰልፉ ሲረዝም ሳይከበብ ቀረ። ባለ መኪናው ተመልሶ መከላከያው ላይ ያለውን ጭረት አሳየ። ጭረቱ ሲገባ የነበረ ነው፤ የሚሰማ ግን የለም። በዚያች ሌሊት በጠባቧ ክፍላችን ተንበርክከን ጌታ ሆይ አንተ ፍረድ ብለን ያለቀስነውን ዛሬም አልረሳነውም። የሰውየውን ፊት አልረሳነውም። ብዙ ዕዳ ተትቶለት ወጥቶ ባልንጀራውን ስላነቀው ባሪያ (ማቴ. 18፥23-35) ስንት ጊዜ ሰብከናል መሰላችሁ፤ አናቂው እኛ እንሆናለን ብለን ግን አልሰበክንም። ጌታችንም አልፎ በተሰጠባት ሌሊት ፎጣ ታጥቆ ውኃ በመታጠቢያው ሲያፈስስ የያዘው ሥራ (ዮሐ. 13) እጁ እርጥብ ሆኖ ፊታችን የቆመው ሰው ዓይነት ሥራ ነበር።

ወዲያው ሄድን ብንል ደስ ባለን። ሁለት ሳምንት አዘገየነው። አንዳችን በስልክ ይበቃል አልን፣ ሌላችን ሰውየው ረስቶታል አልን። ለጋሼ ደወልን፤ «የተቆጣው ሰው ፊት ነው፤ ይቅርታውም ሰው ፊት ይሁን» ብለው ዘጉት።

አንድ ቅዳሜ ሄድን። ተቀባዩ ወጣት ሲያየን ፊቱ ተለወጠ። «ሌላ ቅሬታ አለ?» አለን። ፎቶውን ለእርሱም ለአለቃውም አሳየን፤ የተሳሳትነው እኛ ነን፣ ሰውየውን ይቅርታ ልንጠይቅ መጣን አልን። አለቃው ትከሻውን ሰበቀ፤ ብዙም የገባው አይመስልም። ሰውየው ተጠርቶ መጣ። ከኤል ሳልቫዶር ነው፤ አብሮት የሚሠራ ልጅ አስተረጎመልን። ስልካችንን ተቀብሎ ፎቶውን ረጅም ጊዜ አየ። ከዚያ፣ «ልጃችሁ ናት?» አለ። አዎን አልነው። የእርሱም እዚያው አገሩ እንደተመረቀች፣ እንዳላያትም ነገረን።

በዚያ ነሐሴ ምን ሆነህ ነበር ብለን ስንጠይቀው መናገር አልፈለገም። አስተርጓሚው ልጅ ነው የነገረን፦ ሁለት ቅዳሜ ከሥራ አስቀርተውታል፤ ሳይከፈለው።

ይዘን የሄድነው ቃል ብቻ ነበር። ዘኬዎስ ጌታን ቤቱ በተቀበለው ቀን ስለ ገንዘብ የተናገረው (ሉቃ. 19፥8) ለምን እንደሆነ በዚያ ቆመን ገባን። አለቃውን የሁለቱን ቀን ክፈለው ብለን ለመንነው፤ አያለሁ አለ። ሰኞ ዕለት በፖስታ ይዘን ተመለስን። ሰውየው አልቆጠረውም፣ አልሳቀም፣ እንቢም አላለም። በኪሱ ከትቶ፣ እጁን በሱሪው አድርቆ ጨበጠን።

ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያው በረዶ ጥሎ መንገዱ ሁሉ ጨው ሲሆን ለሁለተኛው ሰርቪስ አስገባነው። ተቀባዩ ወረቀቱን አይቶ «አይታጠብ ይላል» አለን። ሰርዘው አልነው። መጠበቂያ ክፍሉ ከማጠቢያው ጋር የሚዋሰን መስተዋት አለው፤ ቡናችንን ይዘን ቆመን አየን። ሰውየው መኪናችንን አስገባ። ባልዲውን አስቀመጠ፣ ቱቦውን አነሣ። ከዚያ መልሶ አስቀመጠውና፣ ውኃውን ከመክፈቱ በፊት ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ መኪናውን እየዞረ፣ ኮፈኑን፣ በሮቹን፣ የኋላውን መከላከያ አንድ በአንድ ፎቶ አነሣ።