ከደብረ ብርሃን እስከ አልዩ አምባ፦ ልጃችን ቤት መሥራትን የተማረችበት ጉዞ

ልጅን ለከፍተኛ ትምህርት ማብቃት አንድ ነገር ነው፤ ልጅ የምትማረውን መረዳት ደግሞ ሌላ ነው። ልጃችን የሥነ ሕንፃ ተማሪ ናት። ሌሊቱን ሙሉ ካርቶን ስትቆርጥና ሙጫ ስትቀባ እያየን፣ «ይህ ትምህርት ነው ወይስ የልጆች ጨዋታ?» ከማለት አልፈን አናውቅም ነበር። በ2017 ዓ.ም. በአራተኛ ዓመቷ ላይ ግን አንድ ሥራዋ መምህራን ፊት ቀርቦ ወደቀ። ሦስት ቀን ሙሉ ከሰው ሳትነጋገር ቆየችና፣ «ትቼው ሂሳብ አያያዝ ብማርስ?» አለችን። እውነቱን እንናገርና፣ በልባችን ደስ ሳይለን አልቀረም።

የወደቀው ሥራ ለደብረ ብርሃን ከተማ የታሰበ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ሥዕሉን አይተነዋል፤ ያምራል። ፊት ለፊቱ ከመሬት እስከ ጣራ ድረስ መስታወት ነው። አንድ መምህር፣ «ደብረ ብርሃን አድረሽ ታውቂያለሽ?» ብለው ጠየቋት። በመኪና ከማለፍ በቀር አድራባት አታውቅም። «እንግዲያው ይህ ቤት አገር የለውም» አሏት።

በዚያው ሰሞን ከአልዩ አምባ ስልክ ተደወለልን። በመስከረምና በጥር መካከል ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል ደጋግሞ ይነሣ የነበረው የመሬት መንቀጥቀጥ የአያቷን ቤት ማዕዘን ሰንጥቆታል። አጎቷ «አፍርሰን በብሎኬት እንሥራው» ይላል። አያቷ ደግሞ «እኔ በሕይወት ሳለሁ አይፈርስም» ብለዋል። እንግዲህ አንድ ቤተሰብ በአንድ ግድግዳ ምክንያት ሊኳረፍ ሆነ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀን፣ በየካቲት ወር ልጃችንን ይዘን ተነሣን።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ይበልጣል። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ የተቆረቆረ ከተማ ነው። ዛሬ ብዙ ፋብሪካዎች ቢከፈቱበትም፣ ከሁሉ ቀድሞ ስሙን ያስጠራው የብርድ ልብስ ፋብሪካው ነው። አንድ ሌሊት አደርንበት። ጎሕ ሲቀድ ለሱብሒ ስንነሣ ውኃው እጅ ይቆርጣል። ልጃችን በጋቢ ላይ ካፖርት ደርባ ወጣችና ከከተማው ዳር ያሉትን የገበሬ ቤቶች ስታይ አረፈደች። ግድግዳቸው ወፍራም ድንጋይ ነው፤ መስኮታቸው ጠባብ ነው፤ በደጃቸው ኩበት ተከምሯል። ወፍራም ድንጋይ ቀን የጠጣውን የፀሐይ ሙቀት ሌሊት ቀስ እያለ ይመልሳል፤ መስታወት ግን ፀሐይ ስትጠልቅ ወዲያው ይቀዘቅዛል። ስትመለስ፣ «በብርድ ልብስ የታወቀ ከተማ ውስጥ ብርድ ልብስ የሌለው ቤት ነበር የሳልኩት» ብላ ሳቀች። ከወደቀች ወዲህ ስትስቅ ያየናት ያን ጊዜ ነው።

ከደብረ ብርሃን ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሄዱ አንኮበር ይደረሳል። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተቀመጡበት፣ ምኒልክም ወደ እንጦጦ እስኪያመሩ ድረስ የሸዋ መናገሻ የነበረ ተራራ ነው። ከጥንቱ ቤተ መንግሥት የቀረው ጥቂት የግንብ ፍራሽ ነው። ከዚያ ቁልቁል ሲመለከቱ ደጋው ተቆርጦ የአፋር ቆላ ይዘረጋል። አልዩ አምባ ከዚህ ቁልቁለት ሥር ናት። ከታጁራ የባሕር ዳርቻ ተነሥተው በአፋር በረሃ የሚመጡ ነጋዴዎች ጨውና ሸቀጥ የሚያራግፉባት፣ በንግድና በሽመና የታወቁት አርጎባዎች የሚኖሩባት የገበያ ከተማ ነበረች።

አያቷ በር ላይ ቆመው ተቀበሉን። ልጃችን ቡናው ሳይፈላ ሜትሯን አውጥታ መለካት ጀመረች። በማግሥቱ አንድ ንድፍ ሠርታ አሳየቻቸው። አያቷ ወረቀቱን ወደ ብርሃን አዙረው ካዩት በኋላ፦

«ልጄ፣ እዚህ ውስጥ እኔ የምሰግደው የት ላይ ነው?»

ልጃችን ዝም አለች። ንድፉ ላይ ቂብላ አልታየም። የቡናው ቦታ፣ እንግዳ የሚቀመጥበት መደብ፣ ፍየሎቹ የሚያድሩበት ጓሮ፣ አንዱም አልነበረም። ያን ወረቀት አጣጥፋ አስቀመጠችና በሚቀጥሉት ሁለት ቀናት መሣሉን ትታ አያቷን ከሥር ከሥር ስትከተል ዋለች። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ሲበረታ ወዴት ጥግ እንደሚሉ፣ ሌሊት ለውዱእ ሲነሡ በየት እንደሚወጡ ጻፈች።

የአጎቷ ሥጋት ግን በቡናና በመደብ የሚመለስ አልነበረም። በ1953 ዓ.ም. በካራቆሬ አካባቢ የደረሰው ብርቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳወደመ የአገሬው ሽማግሌ ሁሉ ያስታውሳል። «ትዝታ ጣራ አይሸከምም፤ እናቴ ድንጋይ ተጭኗት እንዳላይ ነው የምፈራው» አለ። ልጃችን አልተከራከረችም፤ የተሰነጠቀውን ማዕዘን አብራው አየች። ግድግዳው የውጭና የውስጥ ገጽ ሆኖ ተገንብቷል፤ መካከሉ በጠጠርና በጭቃ ተሞልቷል፤ ሁለቱን ገጽ ዘልቆ የሚያያዝ ረጅም ድንጋይ ግን የለም። ምድር ስትናወጥ እንዲህ ያለው ግድግዳ ለሁለት ይከፈላል። የአክሱም ዘመን ግንበኞች ድንጋዩን በአግድም እንጨት እያሰሩ ይገነቡ እንደነበር አስረዳችው። ብሎኬትም ቢሆን ዙሪያውን በፌሮ ካልታሰረ እንደሚወድቅ ነገረችው። እርሷ ያሰበችው ማዕዘኑን ፈትቶ አያያዥ ድንጋይ እየጨመሩ እንደገና መገንባትና፣ የግድግዳውን ጫፍ ዙሪያውን እንደ ቀበቶ በእንጨት ማሰር ነበር።

ለጣራው ደግሞ ከቡርኪና ፋሶ ተበደረች። ፍራንሲስ ኬሬ የተባለው ሰው በርሊን ገና ተማሪ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ለተወለደባት ለጋንዶ መንደር ትምህርት ቤት ሠራ። ጡቡ ጥቂት ሲሚንቶ የገባበት የተጠቀጠቀ አፈር ነው። ቆርቆሮው ከኮርኒሱ ከፍ ብሎ ስለተነሣ የጋለው አየር በመካከል ያልፋል። ድንጋይና ውኃ ያቀረበው የመንደሩ ሕዝብ ነበር። ሥራው በ2004 የአጋ ኻን የሥነ ሕንፃ ሽልማትን አገኘ፤ ኬሬም በ2022 የፕሪትዝከርን ሽልማት የተቀበለ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። በአገራችንም፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በስዊድን እርዳታ በተመሠረተው የልደታው የሥነ ሕንፃና የሕንፃ ግንባታ ተቋም፣ በ2010ና በ2011 ከዙሪክ ባለሙያዎች ጋር ባለ አንድ ፎቅ የአፈር ቤት ተሠርቶ ነበር። አፈርና ድንጋይ የድኻ ዕቃ ብቻ አለመሆኑን እኛም ያወቅነው ከእርሷ ነው።

አጎቷ «መሐንዲስ አይቶት ይሁን ካለ እሺ» አለ። አዲስ አበባ ስንመለስ አንድ የምናውቀው መሐንዲስ ንድፉን መረመረው። ማዕዘኑን ወደደው፤ የእንጨቱን ቀበቶ ግን ሰረዘው። «ቆላ ነው፤ ምስጥ ይበላዋል» ብሎ በፌሮና በሲሚንቶ ቢም ተካው። ልጃችን ተቆጣች፤ ማታ ግን ራሷ አስተካክላ ሳለችው። ማዕዘኑ ክረምት ሳይገባ፣ በግንቦት ወር ተሠርቶ አለቀ። ጣራው ገንዘብ እስኪገኝ ይጠብቃል።

ያንን ቤተ መጻሕፍትም እንደገና ሠራችው። ግድግዳው ወፍራም ነው፤ ሰፋፊዎቹ መስኮቶች ፀሐይ ወደሚያገኙበት ዞረዋል፤ በማንበቢያው ዳር ዳር የድንጋይ መደብ አለ። አልሐምዱ ሊላህ፣ አለፈች። እውነቱን ለመናገር፣ ለዓይን የሚያምረው የፊተኛው ሥዕል ነበር። የሂሳብ አያያዙን ነገር ግን እርሷም አላነሣችም፤ እኛም አላነሣንም።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ የምትማረው ትምህርት ካልገባችሁ፣ እኛ ዘግይተን እንዳደረግነው፣ ሥራዋ ወዳለበት ቦታ አብራችሁ ሂዱ። አያቷ በስልክ ሲነግሩን፣ ማዕዘኑ ሲታደስ በቂብላው በኩል ከመስኮቱ ሥር አንድ ስፍራ ተደልድሎላቸዋል። በንድፉ ላይ ልጃችን በእርሳስ የጻፈችው «የእማማ መስገጃ» ይላል።