የላፕቶፕ ማኅደር

ልጅን ወደ ሩቅ አገር ለትምህርት መላክ ለወላጅ አዲስ ነገር አይደለም። አባቶቻችን ልጆቻቸውን ለቆሎ ትምህርት ሲሸኙ የሚያስይዟቸው አቆፋዳ፣ ደበሎና ዱላ ነበር፤ አቆፋዳውም ቢጠፋ ለሌላ ሰው የሚያጓጓ ዕቃ አልነበረበትም። ዛሬ ግን ከብዙዎቻችን ቤት የሚወጣ ተማሪ በጀርባው የሚሸከመው ዕቃ፣ በቤቱ ውስጥ ካለው ዕቃ ሁሉ ምናልባት በዋጋ የሚበልጥ ነው። ላፕቶፕ ማለታችን ነው። ይህን ያህል የተደከመበት ዕቃ የሚገባበት ቦርሳ ግን ብዙ ጊዜ የሚገዛው በመጨረሻው ቀን፣ በተረፈው ገንዘብ፣ በመልኩ ብቻ ተመርጦ ነው። ስለዚህ ነገር ጥቂት እንድንጽፍ ያነሣሣንም ይኸው ነው።

የበኩር ልጃችን ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ መመደቧን በሰማን ጊዜ ደስታና ሥጋት አብረው ገቡብን። ላፕቶፕ ያስፈልጋታል ተባለ፤ በ10 ወር ዕቁብ ያጠራቀምነውን አውጥተን ገዛንላት። ያ ገንዘብ የቤታችንን ጣራ ልናስጠግንበት ያሰብነው ነበርና፣ ዕቃው ቢሰበር ወይም ቢሰረቅ የምንተካበት ሌላ ዕቁብ አልነበረንም። ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ ያለው መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ወደ ጊቤ ሸለቆ ወርዶ እንደገና ይወጣል፤ አገሩም ዝናብ የበዛበት ነው። ይህንንም መንገድ አንድ ጊዜ ሳይሆን ለዓመታት፣ በየዕረፍቱ፣ ደርሶ መልስ ልትመላለስበት ነው።

ቀደም ባለው ዓመት በጎረቤታችን ልጅ ላይ የደረሰውንም አይተናል። አዲስ ቦርሳ ተገዝቶለት ሄዶ፣ ገና ከአውቶቡስ ሲወርድ ማንገቻው ከሥሩ ተቦጭቆ ቦርሳው ከደረጃው ላይ ወደቀ፤ የላፕቶፑም መስተዋት ተሰነጠቀ። ልጁ 7 ወር ሙሉ ከጓደኞቹ እየተዋሰ፣ እነርሱ በሚተኙበት ሌሊት ሲሠራ ቆየ። እናቱ እስከ ዛሬ ድረስ፣ «ቦርሳው እኮ ያምር ነበር» ትላለች።

በዚህ ምክክር ላይ ሳለን እጅግ የሚጠቅመውን ቃል የተናገሩት ኮምፒውተር ነክተው የማያውቁት የልጂቱ አያት ናቸው። እርሳቸው የካህን ልጅ ናቸው፤ የአባታቸው ዳዊት ከነማኅደሩ በራስጌያቸው ተሰቅሎ ይኖራል። «እስኪ ይህን እዩ» ብለው አወረዱልን። ማኅደሩ ከወፍራም ቆዳ የተሰፋ፣ በላዩ የሚከደን፣ በትከሻ የሚነገት ጠፍር ያለው ነው። ጠፍሩ በማኅደሩ አፍ ላይ ብቻ የተሰፋ አይደለም፤ በአንዱ ጎን ወርዶ ከሥር ዞሮ በሌላው ጎን ይወጣል። ስለዚህም ክብደቱን የሚሸከመው ጠፍሩ ራሱ ነው እንጂ ስፌቱ አይደለም። መጽሐፉም በውስጡ ልክክ ብሎ ስለሚቀመጥ አይናጥም። «መጽሐፍን መንገድ አይጎዳውም» አሉን፤ «የሚጎዳው ሰፊ ማኅደር ውስጥ ገብቶ ሲንገላታ ነው።» ይህ ዳዊት በበቅሎም በእግርም ስንት አገር ዞሮ ቅጠሉ እንዳልተጎዳ ስናይ፣ ቦርሳውን በምን ዓይነት ሚዛን እንደምንመርጠው ገባን።

የላፕቶፕ ልክ የሚነገረው በኢንች ነው። ነገር ግን 15.6 ኢንች ሲባል የሚለካው መስተዋቱ ብቻ፣ እርሱም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ነው፤ 39.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ማለት ነው። የዕቃው አካል ሌላ ልክ አለው። በመስተዋት እኩል የሆኑ ሁለት ላፕቶፖች በአካላቸው ሊበላለጡ ይችላሉና፣ በሻጭ ቃል ከመታመን በልብስ ሰፊ ሜትር መለካት ይሻላል። የእኛው ወርዱ 36፣ ቁመቱ 24 ተኩል ሴንቲ ሜትር ሆነ። ላፕቶፑን ራሱን ይዞ በመርካቶ ግርግር መዞር ጥበብ ስላልመሰለን፣ ልኩን በካርቶን ቆርጠን፣ ውፍረቱ እንዲመጣጠን ደራርበን በክር አሰርነው። ልጃችን ግን ይህን ይዘን እንዳንወጣ ለመነችን፤ «አባዬ፣ እማዬ፣ ሰው ምን ይለናል?» እያለች።

ከሁሉ በፊት ልንመረምረው የሚገባን የቦርሳው ወለል ሆኖ አገኘነው። ተማሪ ቦርሳውን አያስቀምጥም፤ ይጥላል። የላፕቶፑ ኪስ እስከ ወለሉ ከወረደ፣ በተጣለ ቁጥር ምቱን የሚቀበለው የላፕቶፑ ጠርዝ ነው። ስለዚህ ኪሱ ከወለሉ ሁለትና ሦስት ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ የተንጠለጠለ፣ በጎንና በጎኑም ስፖንጅ ያለው መሆን አለበት። ይህን ለማወቅ ዓይን አይበቃም። አንዱን እጅ በኪሱ ውስጥ እስከ መጨረሻው አስገብቶ፣ ሌላውን ከቦርሳው ሥር ደግፎ መዳሰስ ነው፤ ሁለቱ እጆች በቀጭን ጨርቅ ብቻ ከተገናኙ ያንን ቦርሳ መተው ይገባል። በዚያን ቀን ካየናቸው ቦርሳዎች የሚበዙት በዚህ ፈተና ወደቁ፤ ከእነርሱም መካከል ዋጋቸው እጅግ ከፍ ያለ ነበሩባቸው።

ስለ ጨርቁ ሻጮች ብዙ ይናገራሉ። የክሩ ውፍረት የሚለካበት ዴኒየር የሚባል መስፈሪያ አለ፤ ይኸውም የ9,000 ሜትር ክር ክብደት በግራም ሲመዘን ነው። 500 ዴኒየር የተባለ ክር እንግዲህ 9,000 ሜትሩ ግማሽ ኪሎ ይመዝናል ማለት ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ብቻውን አያስመካም። ናይለን ከፖሊስተር ይልቅ ፍትጊያን ይችላል፤ ፖሊስተር ደግሞ ከናይለን ይልቅ ፀሐይን ይታገሣል፤ ውኃም ብዙ አይጠጣም። በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአውሮፕላን ተዋጊዎች የፍንጣሪ መከላከያ ሰደርያ የተሠራበት ወፍራም ናይለን ዛሬ ለቦርሳ ይውላል፤ እጅግ ጠንካራ ነው፤ ዳሩ ግን ይከብዳል። ልጃችን ቀጭን ትከሻ ያላት ናት። ላፕቶፑ 2 ኪሎ፣ ቻርጀሩ ግማሽ ኪሎ ያህል፣ መጻሕፍቱ የፈለጉትን ያህል ሲመዝኑ፣ ባዶው ቦርሳ ደግሞ ሌላ 2 ኪሎ እንዲጨምርባት አልፈቀድንም። መካከለኛውን ናይለን መረጥን።

ስፌቱን ለማየት ቦርሳውን ገልብጦ ውስጡን ማየት ያስፈልጋል፤ ውጩ ለገዢ የተዘጋጀ ነውና። የጨርቁ ጠርዝ በጥብጣብ ተከፍፎ የተሰፋ ከሆነ አይተረተርም፤ ጫፉ ተቆርጦ ክሩ የተንጨባረረ ከሆነ ግን ከዓመት አያልፍም። የማንገቻው ሥር በአንድ መስመር ብቻ ተሰፍቶ እንደ ሆነ የጎረቤታችን ልጅ ነገር ይመጣል። ደኅና ሰፊ የማንገቻውን ጫፍ በጀርባው ስፌት ውስጥ አስገብቶ፣ በላዩ አራት ማዕዘን ሰፍቶ፣ በመካከሉ መስቀለኛ ያሳልፍበታል። የአያቲቱን ማኅደር ያህል ከሥር ዞሮ የሚመጣ ማንገቻ ያለው ቦርሳ ፈልገን አላገኘንም።

ከዚያ ዚፑ። ቦርሳ የሚሞተው ብዙ ጊዜ በዚፑ ነው። ዚፕን በዛሬው መልኩ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1917 የፈጠራ መብት ያገኘበት በስዊድን ተወልዶ በአሜሪካ የኖረው ጌዲዮን ሰንድባክ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ብዙ ፋብሪካዎች ሲሠሩት ኖረዋል። ከእነርሱ ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1934 በጃፓን የተመሠረተው ዋይ ኬ ኬ ነው። ይህ ስም በዚፑ ራስ ላይ ተቀርጾ ሲገኝ ሻጮች በኩራት ያሳያሉ፤ ይሁን እንጂ ፊደል መቅረጽ ለአስመሳይም አያዳግትምና እኛ ከጽሑፉ ይልቅ ሥራውን መፈተን መረጥን። ዚፕ የሚለየው በቁጥር ነው፤ ቁጥሩም ጥርሶቹ ሲዘጉ ያላቸውን ወርድ በሚሊ ሜትር ሊነግረን ይቀርባል። ለትንሽ ኪስ ቁጥር 5 ይበቃል፤ ለዋናው አፍ ግን 8 ወይም 10 ቢሆን ይመረጣል። ከተዘጋም በኋላ ቦርሳውን አጉብጦ፣ በማዕዘኑ ላይ ደጋግሞ ማመላለስ ነው፤ በቀጥታው የሚሮጥ ዚፕ ሁሉ በማዕዘን ላይ አይሮጥም። ሌላም የምንመክረው አለ፦ ጥርሶቹ ደኅና ሆነው ሳለ ዚፑ ከኋላው የሚከፈት ከሆነ፣ የደከመው ብዙ ጊዜ የሚሳበው ራሱ ነው። በፒንሳ በቀስታ ግራና ቀኙን ጫን ቢያደርጉት እንደገና ይይዛል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ቦርሳ መጣል አያስፈልግም።

በመርካቶ አንድ ወጣት ነጋዴ ካርቶናችንን አይቶ፣ «ጋሼ፣ የካርቶን ኮምፒውተር ነው እንዴ የገዛችሁላት?» ብሎ ሳቀብን። ልጃችን ወደ ሌላ ዞረች። ኪሶቹን ስንዳስስ፣ ውስጡን ስንገለብጥ፣ ከጎረቤት ሱቅ በተዋስነው ባለ 2 ሊትር ውኃ አራት ጠርሙስ ሞልተን በማንገቻው ስናነሣ ሳቁን ትቶ ይመለከተን ጀመር። በመጨረሻም ከሰቀላቸው ቦርሳዎች አንዱን ሳይሆን፣ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የጠጣ አንድ ጥቁር ቦርሳ አወጣ። «ይህ መልክ የለውም ተብሎ ሁለት ዓመት ቆሞብኛል፤ እናንተ የምትፈልጉት ግን ይህን ነው» አለን። እውነትም ነበረ። በዋጋው ተከራከርን፤ ጥቂት ቀነሰልን። ልጃችን ግን ዓይኗ በተሰቀለው ሐምራዊ ቦርሳ ላይ ነበር፤ እርሱ ደግሞ ኪሱ እስከ ወለሉ የወረደ፣ ማንገቻው በአንድ መስመር የተሰፋ ነው። መልሳ መላልሳ ዳሰሰችው፤ በኋላ እጇን አስገብታ ወለሉን እንደ እኛ ፈተነችና ራስዋ መልሳ ሰቀለችው። እኛ አንድ ቃል አልተናገርንም።

አዲስ ለመግዛት አቅም ያጠረው ቤተሰብ ከልባሽ ተራ መፈለጉን አይናቀው። በደኅና ፋብሪካ ተሠርቶ ጥቂት ያገለገለ ቦርሳ ከአዲሱ ደካማ ቦርሳ ይሻላል። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ከውስጥ በተቀባው ቅብ ላይ ነው፤ ውኃ እንዳያስገባ የሚቀባው ፖሊዩሬታን የተባለው ቅብ በዕድሜና በእርጥበት ብዛት ይበሰብሳል፤ ሲዳስሱት የሚያጣብቅ ወይም እንደ ቅርፊት የሚረግፍ ከሆነ አይግዙት።

ስለ ዝናብም ሻጭ «ውኃ አያስገባም» ሲል ጨርቁን ማለቱ ነው። ውኃ የሚገባው በመርፌው ቀዳዳና በዚፑ ጥርስ መካከል ነው። ለጥቂት ደቂቃ ካፊያ ይችላል፤ ለጅማ ክረምት ግን አይበቃም። ስለዚህ ላፕቶፑን በወፍራም ላስቲክ ጠቅልላ እንድታስገባ፣ ቦርሳውንም ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ ከቶ እንዳታስጭን፣ በጉልበቷ ላይ እንድትይዘው ነገርናት። ጥቁርና ምንም ያልተጻፈበት መሆኑ ደግሞ ለሌባ ዓይን አይጠራም፤ በግርግር ስፍራ ወደ ደረቷ አዙራ ትይዘዋለች።

ከአንባቢዎቻችን ልጃቸውን በአውሮፕላን የሚሸኙ ቢኖሩ፣ ላፕቶፑን ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ ውስጥ ባያደርጉት መልካም ነው። ፓወር ባንክ የሚባለው ትርፍ ባትሪ ግን በዚያ ሻንጣ ውስጥ መግባቱ ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ሊትየም እሳት የሚያስነሣ ሲሆን፣ በጓዳው ውስጥ ሆኖ ቢያጨስ ሰው ይደርስበታል። ከ100 ዋት ሰዓት ያልበለጠው ያለ ልዩ ፈቃድ በእጅ ይያዛል፤ 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ባትሪ በ3.7 ቮልት ሲሰላ 74 ይሆናል። የእጅ ዕቃ በብዙ አየር መንገዶች በ7 ኪሎ ስለሚወሰን፣ የባዶው ቦርሳ ክብደት በዚያ ጊዜ ይታሰባል።

ቦርሳው አሁን ሁለት ዓመት አገልግሏል። ላፕቶፑ ደኅና ነው። ዚፑን አንድ ጊዜ በፒንሳ አጥብቀነዋል። የሥሩ አንድ ማዕዘን በአውቶቡስ ወለል ፍትጊያ ሳስቶ፣ ባለፈው ዕረፍት ስትመጣ ጣት ሊያስገባ ደርሶ አገኘነው። የሰፈራችን ጫማ ሰፊ ከአሮጌ ቡት የቆረጠውን ቆዳ በሰም በታሸ ክር ሰፋበት፤ አያቷም አጠገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው እያንዳንዱን ውግ ሲቆጥሩበት ዋሉ፤ ሥራውንም ሳይጨርስ አልተነሡም።