ባቡሩ አንድ፣ ዋጋው ሁለት

ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሳገለግል ሰዓት ማክበርን የተማርኩት በመድኃኒት ሰዓት ነው። ሰዓት ገንዘብም እንደሚያስከፍል ያየሁት ግን ጡረታ ወጥቼ፣ ልጄን ልጠይቅ ለንደን በሄድኩ ጊዜ ነው።

ልጄ የምትኖረው ከመሃል ከተማው በስተደቡብ፣ ክሮይደን በሚባል ሰፈር ነው። ከኢስት ክሮይደን ጣቢያ ለንደን ብሪጅ ድረስ ፈጣኑ ባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። በደረስኩ በማግሥቱ ወደ ሥራ ስትወጣ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ትታልኝ ሄደች። «እማዬ፣ ከተማውን ማየት ከፈለግሽ ከ9፡30 በኋላ ውጪ፤ ያኔ ይረክሳል» ይላል። እኔም ለባብሼ፣ ቡናዬን ጠጥቼ ቁጭ አልኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ደወለች።

«የት ደረስሽ?»

«ኧረ ቤት ነኝ! ዘጠኝ ተኩል መቼ ሆነና!»

ሳቋን ማቆም አቃታት። እሷ የጻፈችው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ እኔ ያነበብኩት በአገሬ። ለካ ሰዓቱ ጠዋት ሦስት ተኩል ላይ አልፎ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለንደን ውስጥ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 12፡30 እስከ ጠዋቱ 3፡30፣ ደግሞም ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት የባቡር ዋጋ ይወደዳል። ቅዳሜ፣ እሑድና የሕዝብ በዓላት ግን ይህ የለም። ሂሳቡ የሚቆረጠው በሚደርሱበት ሰዓት ሳይሆን፣ መግቢያው በር ላይ ካርድ በሚያስነኩበት ደቂቃ ነው። ምክንያቱን ስጠይቅ፣ ሁሉም ሰው በአንድ ሰዓት እንዳይጨናነቅ ነው አሉኝ። ለጠዋቱ ግፊያ ተብሎ የተገዛው ብዙ ባቡር እኩለ ቀን ላይ ባዶውን ይቆማልና፣ ጊዜ ያለው ሰው በርካሹ ሰዓት ቢወጣ ለሁሉም ይበጃል። እውነት አለው።

እኔም ተጠቀምኩበት። በየቀኑ ከሦስት ተኩል በኋላ እወጣለሁ። መስኮት አጠገብ ተቀምጬ የቀይ ሸክላ ቤቶቹን ጓሮ፣ የተሰጣውን ልብስና የጭስ ማውጫዎቹን እያየሁ እሄዳለሁ። አብረውኝ የሚሳፈሩት አብዛኞቹ እንደኔው ፀጉራቸው የሸበተ ናቸው። ማታም ዋጋው እስኪወርድ ቴምስ ወንዝ ዳር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ጀልባ እቆጥራለሁ።

አንድ ቀን ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝና ልጄን እስከ ጣቢያው ልሸኛት አብሬያት ወጣሁ። እሷም እንደኔ ነርስ ናት፤ የቀን ተረኛ ስትሆን ሥራ የምትገባው ጠዋት አንድ ተኩል ላይ ነው። ጣቢያው ሊደረስ ጥቂት ሲቀር ሰዓቷን አየችና መሮጥ ጀመረች። እኔ ከኋላ ቀረሁ። በሩ ጋ ስደርስ ካርዷን አስነክታ ቆማ ታለከልካለች። 12፡31 ይላል።

«ባቡሩ አመለጠሽ?» አልኳት።

«ባቡሩስ አላመለጠኝም፤ ርካሹ ሰዓት ነው ያመለጠኝ» አለችና ሄደች።

ያን ቀን ወንዝ ዳር ተቀምጬ ሳስበው ከነከነኝ። እኔ የሚጠብቀኝ ሥራ የለኝም፣ በርካሹ እሄዳለሁ። እሷን በሽተኛ ይጠብቃታል፣ በውዱ ትሄዳለች። ሰዓቱን መምረጥ የሚችል ይተርፈዋል፤ የማይችል ይከፍላል።

እኛስ ጋ የለም እንዴ? የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በ2008 ዓ.ም. ሲጀምር 2፣ 4 እና 6 ብር ያስከፍል የነበረው በርቀት እንጂ በሰዓት አልነበረም። ታክሲው ግን ለብቻው ነው። ከተረኛነት ወጥቼ ፒያሳ ስቆም፣ ቀን «መገናኛ! መገናኛ!» ሲል የዋለው ረዳት አመሻሽ ላይ «አራት ኪሎ ብቻ» ይላል። መንገዱን ቆራርጦ ሁለት ሂሳብ ያስከፍለናል። የለንደኑ በሕግ ተጽፎ መለጠፉ ነው ልዩነቱ።

ስኮትላንዶች ግን ይህን ልዩነት በራሳቸው ባቡሮች ላይ እ.ኤ.አ. ከሴፕቴምበር 1 ቀን 2025 ጀምሮ አንስተውታል። ከኤድንብራ ግላስጎው ደርሶ መልስ በሥራ መግቢያ ሰዓት 32 ፓውንድ ከ60 የነበረው ወደ 16 ፓውንድ ከ80 ወረደ። ስለዚህ ይህ ዋጋ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ ሰው ያወጣውን ሰው ያነሳዋል።

እኔ የለንደንን ታሪፍ ማንሳት አልችልም። ልጄ ለምን እንደምትዘገይ ግን ማየት አላቃተኝም፤ ጠዋት ጠዋት ምሳዋን ስትቋጥር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ምሳ ዕቃዋን ማታ አዘጋጅቼ፣ ከቦርሳዋ ጎን አስቀምጬ እተኛ ጀመር። ወደ አገሬ እስክመለስ ድረስ ያቺ 12፡30 አንድም ቀን አላመለጠቻትም።

አሁን የሚያሳስበኝ፣ እኔ ከተመለስኩ ወዲህ ምሳዋን ማን ይቋጥርላታል የሚለው ነው።