ግመሏ ያላለፈችበት በር



ከጥቂት ጊዜ በፊት ስለ ባለጠጋውና ስለ ግመሉ (ማርቆስ 10፥25) አንድ ጽሑፍ በኢንተርኔት አውጥተን ነበር። «የመርፌ ቀዳዳ» በኢየሩሳሌም ቅጥር ላይ የነበረ ጠባብ በር ነው፤ ግመል ጭነቱን አራግፎ፣ ተንበርክኮ ያልፍበታል አልን። ወጣት ሳለን ከመድረክ የሰማነው ነው፤ እኛም ለዓመታት ሰብከነዋል። አሜን የሚያሰኝ ምሳሌ ነዋ! ያልመረመርነውም ምናልባት ለዚሁ ይሆናል።

አንዲት እህት በትሕትና ጻፈችልን፦ «ፓስተር፣ ይህ በር የትኛው መጽሐፍ ላይ እንደ ተጠቀሰ ቢነግሩኝ? ፈልጌ አጣሁት።»

መጻሕፍቱን አገላበጥን። በጌታ ዘመን በዚህ ስም የሚጠራ በር እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ የለም። ትርጓሜው ብቅ ያለው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ነው። መርፌው ልብስ የሚሰፋበት መርፌ ነው። የሥነ መለኮት ኮሌጅ ላሳለፍን ሰዎች ያሳፍራል።

የመጀመሪያው ሐሳባችን ዐረፍተ ነገሩን በዝምታ ማጥፋት ነበር። የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ማንም አያውቅም። ነገር ግን ጽሑፉ በቴሌግራም ከቡድን ወደ ቡድን ተላልፏል፤ በቤት ኅብረት ያስተማሩበትም አሉ። የእኛን ብናጸዳ እነርሱ ዘንድ የደረሰው አይጸዳም። የጠየቀችን እህትም ተመልሳ ስታየው የሌለ ነገር ያነበበች ይመስላታል።

ነቢዩ ናታን ትዝ አለን። ዳዊት ለጌታ ቤት ሊሠራ ሲያስብ ናታን ወዲያው ይሁንታውን ሰጠው። በዚያው ሌሊት ጌታ ሌላ ቃል ሲሰጠው ግን ወደዚያው ንጉሥ ተመልሶ ተናገረ (2ኛ ሳሙኤል 7)። አውግስጢኖስም በእርጅናው፣ እ.ኤ.አ. በ427 ገደማ፣ ቀድሞ የጻፋቸውን 93 ሥራዎች እየመረመረ የሳተበትን በሌላ መጽሐፍ አሰፈረ። መጻሕፍቱ ተገልብጠው በየአገሩ ስለተበተኑ መልሶ ሊሰበስባቸው አይችልም ነበር።

ይበልጥ የከበደን ግን ስሕተቱ ያደረሰው ጉዳት ነው። በሩ ካለ ግመሉ ትንሽ ጎንበስ ብሎ ያልፋል፤ ሰውም ትንሽ ከጣረ ይድናል ማለት ነው። ደቀ መዛሙርቱ እኮ እጅግ ደንግጠው ነበር! ጌታም ይህ በሰው ዘንድ እንደማይቻል፣ በእግዚአብሔር ዘንድ ግን እንደሚቻል ነገራቸው። እኛ በፈጠራ በር ጸጋውን አስቀረነው።

ስለዚህ በጽሑፉ አናት ላይ ቀኑን፣ ምን ብለን እንደነበርና ስሕተቱ ምን እንደሆነ ጻፍን። ማረሚያውን ወደምናውቃቸው ቡድኖች ላክን፤ እሑድም ከመድረክ ተናገርን። የፊደል ግድፈት ከሆነ ዝም ብለን እናስተካክላለን፤ የፍሬ ነገር ስሕተት ግን እንዲህ ይነገራል። አንድ ሽማግሌያችን «ሕዝቡ ከእንግዲህ ያምነናል?» ብለው ተጨንቀው ነበር።

በዚህ ሳምንት ያቺው እህት እንደገና ጽፋለች። «አትፍራ» የሚለው ቃል በመጽሐፍ ቅዱስ 365 ጊዜ ይገኛል ብለን የጻፍነው ከየት እንደመጣ ትጠይቃለች። ቆጠርነው፤ ግማሹን እንኳ አላገኘንም። ማረሚያው አናቱ ላይ አለ።