ጠዋት «ካላንቺ»፣ ከሰዓት «ጠላቴ»

እናንተዬ፣ አብሮ አደጌ ጠዋት «ካላንቺ ማን አለኝ?» ትለኛለች። ከሰዓት ስልኳን ካላነሳሁ ጠላቷ ነኝ። ማታ «እንዳትተዪኝ» ብላ ታለቅሳለች። ሰፈሩ «ዓመሏ ነው» ይላል፤ አክስቷ ጠበል ወስደዋታል። (ጠበሉን አልጠላሁም፤ ሐኪም ጋ አትሂጂ መባሏን እንጂ!)

ሐኪሙ ስሙን ነገራት፦ ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር። ለዚህ ሕመም ተብሎ የተፈቀደ ኪኒን የለም፤ ዋናው ሕክምና ንግግርና ልምምድ ነው። ዲቢቲ የሚባለውን ዘዴ የቀመሩት አሜሪካዊቷ ማርሻ ሊንሃን ራሳቸው በ17 ዓመታቸው የአእምሮ ሆስፒታል ተኝተው እንደነበር በ2011 እ.ኤ.አ. በአደባባይ ተናግረዋል። ይህን ስነግራት «እና ዳነች?» አለችኝ። ፕሮፌሰር ሆነች አልኳት።

አሁን ስሜቷ ሲፈላ ፊቷን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ትነክራለች። እኔም የምደውልበትን ሰዓት ቆርጬ እነግራታለሁ። ባለፈው ማክሰኞ ተናዳ ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጋችው። ከአስር ደቂቃ በኋላ ደወለች። «ታጥቤ መጣሁ፤ ቀጥዪ።»