ፖዝ የማይደረገው መምህር

ከአስኮ አልፎ ወደ ቡራዩ በሚወስደው የአምቦ መንገድ ላይ፣ ሳንሱሲ የሚኖር አንድ የፊዚክስ መምህር አለ። ካስተማረ ሃያ ዓመት አልፎታል። ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ስልኩን ሲነካካ ያየ ሰው "ይሄም ሱስ ይዞታል" ሊል ይችላል። መምህሩ ግን ማታ በወረቀት ላይ በእጁ የሠራቸውን ጥያቄዎች ፎቶ እያነሳ ለተማሪዎቹ የቴሌግራም ግሩፕ እየላከ ነው። ማንም አላዘዘውም። ሥልጠና ገብቶ፣ አበል ተቀብሎም አይደለም። የኢንተርኔት ፓኬጁን የሚገዛው ከዚያችው ከደመወዙ ነው።

ይኸው ሰው የዛሬ ሃያ ዓመት ገደማ "ቴክኖሎጂ የሚጠላ መምህር" ተብሎ ተመክሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1997 ዓ.ም. መንግሥት ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ፕላዝማ አስገባ። ትምህርቱ የተዘጋጀው ደቡብ አፍሪካ ነው። በሳተላይት ይተላለፋል፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ ነው። ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂን የመሳሰሉ ትምህርቶች በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ድምፅ፣ በመላ አገሪቱ ይሰጡ ጀመር። የክፍሉ መምህር መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያስተዋውቃል፤ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ያጠቃልላል። መሀሉ የቴሌቪዥኑ ነው።

ያን ዘመን የተማረ ሁሉ ያስታውሰዋል። ቴሌቪዥኑ ጥያቄ ያወጣል፤ "ሥሩ" ይላል። ተማሪው ጥያቄውን ደብተሩ ላይ ገልብጦ ሳይጨርስ ሰዓቱ ያልቃል። ከዚያ ማንም ሳይመልስ "ቬሪ ጉድ!" ብሎ ይቀጥላል። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል። ሳቁ ግን ያልገባው ልጅ ሳቅ ነበር።

መምህራችን ያኔ ገና ከዩኒቨርሲቲ የወጣ ወጣት ነው። አንድ ቀን ቴሌቪዥኑ ስለ ፍጥንጥነት እያስተማረ ሳለ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ ይቺ ግማሽ ከየት መጣች?"

ልጁ የጠየቀው ርቀትን ለማስላት በምንጠቀምበት ቀመር ውስጥ ስላለችው ግማሽ ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። አብዛኛው ተማሪ ግማሿን በቃሉ ሸምድዶ ያልፋል እንጂ ከየት እንደመጣች አይጠይቅም። መልሱም ቀላል ነው። ከቆመበት ተነስቶ ፍጥነቱ እኩል እየጨመረ የሚሄድ መኪና ግራፍ ሲሣል ሦስት ማዕዘን ይሠራል፤ የሄደው ርቀት የዚያ ሦስት ማዕዘን ስፋት ነው፤ የሦስት ማዕዘን ስፋት ደግሞ መሠረቱ በቁመቱ ተባዝቶ ለሁለት ሲካፈል የሚገኝ ነው። ይህን በጠመኔ ለማሳየት አምስት ደቂቃ ይበቃል። አምስቱ ደቂቃ ግን የቴሌቪዥኑ ነው። ቴሌቪዥኑ ደግሞ ፖዝ አይደረግም።

መምህሩ ቴሌቪዥኑን አጠፋውና ጠመኔውን አነሳ። እንደ ዕድል ሆኖ ሱፐርቫይዘር የመጣው በዚያው ክፍለ ጊዜ ነበር። ዳይሬክተሩ ቢሮ አስጠርቶ፣ በቁጣ ሳይሆን በታላቅ ወንድም ድምፅ፣ "ወንድሜ፣ ዘመኑ የቴክኖሎጂ ነው። ከዘመኑ ጋር ሂድ እንጂ" አለው።

ለእውነት እንቁም ከተባለ፣ ፕላዝማ ከንቱ ነገር አልነበረም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ቁጥር በፍጥነት እየጨመረ፣ ብቁ መምህር ግን አልተገኘም ነበር። ላቦራቶሪ በሌለው ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ሙከራ ሲሠራ ያየው በዚያ ስክሪን ነው። ራሱ መምህራችንም ያላያቸውን ሙከራዎች እዚያ አይቷል። ደግሞ የመምህራኑም ጥፋት አለ፤ ቴሌቪዥኑን ከፍቶ ከኋላ ወንበር ላይ የሚያንጎላጅ፣ ሳይዘጋጅ መጥቶ ከስክሪኑ ጀርባ የሚደበቅ ነበር። ችግሩ መሣሪያው ይህን ሰነፍ መምህር ከጎበዙ ጋር አንድ ማድረጉ ነው። ሁለቱም ዳር ይቆማሉ፤ ሁለቱም ዝም ይላሉ። ተማሪ ሲጠይቅ መቆም የሚችል መምህርና የማይችል መምህር ልዩነታቸው ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የመጣውም ብዙ አልተለየም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ "ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ" የተባለው ዓለም አቀፍ ዘመቻ 5 ሺህ ገደማ ትንንሽ ላፕቶፖችን ወደ ኢትዮጵያ አመጣ። ለልጆቹ ተሰጣቸው። ልጆቹ ወደዱት፤ ፎቶ አነሱበት፣ ጨዋታ ተጫወቱበት፣ ቤት ወስደው ለወላጅ አሳዩበት። ክፍል ውስጥ ግን ብዙ መምህራን "አጥፉት!" ይሉ ነበር። ለምን አይሉ? ልጁ ከመምህሩ ቀድሞ የለመደው ዕቃ ነው። ለመምህሩ በዚህ ዕቃ ትምህርቱን እንዴት እንደሚያስተምር በቂ ጊዜ ሰጥቶ ያሳየው የለም።

በ2004 ዓ.ም. ደግሞ በዚሁ በአምቦ መንገድ ተገፍቶ በሚደረስበት በወንጪ አካባቢና በወለንጪቲ በኩል፣ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች፣ ለልጆች ታብሌት ያለ መምህር ተሰጠ። ልጆቹ በራሳቸው ከፍተው የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር መዘመር መጀመራቸው በዓለም ሚዲያ ተወራ። "እንግዲህ መምህር አያስፈልግም ማለት ነው" ያለም አልጠፋም። ልጅ በራሱ ፊደል ሊለይ ይችላል፤ ደስ የሚል ነገር ነው። "ይቺ ግማሽ ከየት መጣች?" ብሎ ሲጠይቅ ግን የሚመልስለት ሰው ይፈልጋል።

መጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ትምህርት ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ቴሌቪዥንና ወደ ቴሌግራም ሄደ። መምህራችን ግሩፑን የከፈተው ያኔ ነው። ትምህርት ቤት ሲከፈት ብዙዎች የከፈቱትን ግሩፕ ተዉት፤ እሱ ቀጠለ። ለምን? ምክንያቱ ቀላል ነው። ቴሌግራሙን የሚያዘው እሱ ነው። የማይረባውን ያጠፋል፤ ያልገባቸውን ደግሞ ይልካል። ያን ሦስት ማዕዘን ሥሎ፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም እያስረዳ፣ በድምፅ ቀድቶ ልኮታል። አንዱ ልጅ አምስት ጊዜ ሰማሁት ብሎታል። በፕላዝማ ዘመን አንድ ጊዜ ያመለጠ ነገር አመለጠ ነበር።

"ቴክኖሎጂ ይጠላል" የተባለው ሰው ቴክኖሎጂ ጠልቶ አያውቅም። የጠላው በራሱ ክፍል ውስጥ ቁልፉን የተነጠቀ ሰው መሆንን ነው።

ይህን ማለት ግን ቴሌግራም መፍትሔ ነው ማለት አይደለም። ከተማሪዎቹ መሀል እናቷ እንጀራ ጋግራ የምታሳድጋት አንዲት ልጅ አለች። ቤታቸው ያለው ስልክ የቁልፍ ስልክ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጥያቄው ግሩፕ ላይ ተለቆ ጠዋት ሲታረም እሷ አንገቷን ትደፋ ነበር። መምህሩ ስንፍና መስሎት ነበር። እውነቱን የነገረው የክፍል አለቃው ነው። ከዚያ ወዲህ ማታ የሚልከውን ጥያቄ ቀን ላይ ሰሌዳው ጥግ ላይ ቀድሞ ይጽፈዋል። "ስልክ ያለው በስልኩ፣ የሌለው በደብተሩ" ይላል። ይህን የሚያስተካክል አፕሊኬሽን የለም፤ ልጅቷን የሚያያት መምህር ነው።

አሁን ነገሩ ፈጥኗል። በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በከፊል በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። ሰው ሠራሽ አስተውሎትም ክፍል ውስጥ ገብቷል፤ ተማሪው የቤት ሥራውን አሠርቶበት ይመጣል። ነገ ደግሞ አዲስ ዕቃ በካርቶን ተጭኖ ይመጣል፤ ስብሰባ ይጠራል፤ መምህሩ "ከዘመኑ ጋር ሂድ" ይባላል።

በዚያ ስብሰባ ላይ የሚቀመጥ ኃላፊ ካለ አንድ ነገር ቢጠይቅ መልካም ነው፦ ልጅ እጁን ሲያወጣ፣ መምህሩ ይህን ዕቃ ማቆም ይችላል? የማይችል ከሆነ፣ የገዛነው ሁለተኛ ፕላዝማ ነው።

መምህሩ አሁንም ሳንሱሲ ነው። ዛሬ ማታ መብራት ከሌለ ጥያቄው ግሩፕ ላይ አይለቀቅም። ሰሌዳው ጥግ ላይ ግን ቀን ተጽፏል።