ወንዶ ገነት፦ ፍል ውሃ፣ ጠጅ ሳርና የቤት ሳሙና

ከሻሸመኔ ወንዶ ገነት ሩቅ አይደለም። ብዙ ሰው የሚሄደው ለፍል ውሃው ነው፤ እኔን ግን ይበልጥ የሳበኝ የጠጅ ሳሩ ሽታ ነው። እዚያ ያለው የግብርና ምርምር ማዕከል መዓዛማ ተክሎችን ያጠናል። ቅጠሉ በእንፋሎት ሲታጠን ዘይቱ ተለይቶ ይወጣል። ይህ ዘይት የቤት ሳሙና ማሸተቻ ይሆናል።

በነርስነት ባገለገልኩባቸው ዓመታት በኮስቲክ ሶዳ አፋቸውና ጉሮሯቸው የተቃጠለ ሕፃናት አይቻለሁ። ስለዚህ ልጅ ባለበት ቤት በሶዳ ሳሙና መሥራትን አልመክርም። ተዘጋጅቶ የሚሸጠውንና ቀልጦ የሚፈሰውን የሳሙና መነሻ ተጠቀሙ፤ የሶዳው ሥራ እዚያ አልቋል።

ግማሽ ኪሎውን ቆራርጣችሁ፣ የፈላ ውሃ ባለበት ድስት ላይ በተቀመጠ ጎድጓዳ ሳህን አቅልጡት፤ ሳሙናው ራሱ እንዳይፈላ። አውርዳችሁ በረድ ሲል ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ዘይት ጨምሩና ቅርጽ ማውጫ ውስጥ አፍስሱት። እርጥብ ቅጠል ይሻግታል፤ ደርቆ የላመ ቁንጥር ይበቃል። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይጠነክራል።

ዘይቱ ሳይቀላቀል ቆዳ ይለበልባል፤ ጠርሙሱ ከልጅ እጅ ይራቅ። ለጨቅላና ቆዳው ለሚያሳክከው ልጅ ሽታ የሌለው ሳሙና ይሁን። ለሌሎቻችሁም መጀመሪያ ክንድ ላይ ሞክሩት፤ ቀይ ሽፍታ ከወጣ ተዉት።

ወንዶ ገነት ስትሄዱ የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ጠጅ ሳሩን በእጃቸው አሽተው ያሽትቱት።